አሮጌው ልማድ ቦታውን ባዶ አይለቅም፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉም አንድ ጉዳይ ላይ ይገናኛሉ። ሰው ራሱን መምራት ይፈልጋል፣ ያወጣውን ዕቅድ ግን የድሮ ልማዱ ይበላበታል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፣ ጸሐፊዎቹን የሚያሳውቅ ነገርም አውጥተናል። አንዳንዱ መልስ ረዘም ብሏል፣ ጉዳዩ «በርቱ» ተብሎ የሚታለፍ ስላልሆነ።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ «ዛሬ በጊዜ እተኛለሁ» እላለሁ። አልጋ ላይ ስወጣ ግን ስልኬን አነሳለሁ፣ ከአንዱ ቪዲዮ ወደ ሌላው ስል እኩለ ሌሊት ያልፋል። አፖቹን ስንት ጊዜ አጥፍቼ መልሼ ጫንኳቸው መሰላችሁ። ጠዋት ደክሞኝ እነሳለሁ፣ ሥራ አረፍዳለሁ፣ ቀኑን ሙሉ በራሴ ስናደድ እውላለሁ። ዲሲፕሊን የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም ማለት ነው? (እንቅልፍ ያጣሁት)

መልስ፦ እህቴ፣ ዲሲፕሊን የሌለው ሰው አፖቹን ደጋግሞ ለማጥፋት አይሞክርም። ችግሩ ያጠፋሽው ነገር ቦታው ባዶ መቅረቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ደክመሽ አልጋ ላይ ወጥተሻል፣ ጭንቅላትሽ ገና አልበረደም፣ እስከዛሬ የሚያበርድልሽ ስልኩ ነበር፣ እሱን ወሰድሽበት፣ በምትኩ ግን ምንም አልሰጠሽውም። ታዲያ ሁለት ሦስት ቀን ታግሶ የለመደውን ቢጠይቅሽ ምን ይገርማል?

ልማድ እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ልንገርሽ። ይህን ስታውቂ ራስሽን መውቀሱን ትተሽ ወደ ሥራው ትገቢያለሽ። ዌንዲ ዉድ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣችው ጥናት፣ ሰዎች በየሰዓቱ ምን እያደረጉና ምን እያሰቡ እንደሆነ እንዲመዘግቡ ተደርጎ ነበር። ከተመዘገበው ድርጊት እስከ 43 በመቶ የሚሆነው በየቀኑ ለማለት በሚያስችል ድግግሞሽ፣ በዚያው በለመዱት ቦታ የሚደረግ ሆኖ ተገኘ። ያን ሲያደርጉ ሐሳባቸው ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነበር። አንቺም ጋ የሆነው እሱ ነው። እጅሽ ስልኩን ሲያነሳ አላማከረሽም። አልጋው፣ ጨለማው፣ ድካሙ ምልክት ሰጡ፣ ቀሪውን ልማዱ ጨረሰው። «ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» የሚባለው ለዚህ ይመስለኛል። ሰውየው መስረቅ ፈልጎ ላይሆን ይችላል፣ እጁ ስለለመደ ነው።

ስለዚህ «ከእንግዲህ አልነካም» ብሎ መማል ብዙ አያራምድም። እንዲያውም አንድን ነገር ከሐሳብ ለማስወጣት መታገል ነገሩን ይበልጥ ያመጣዋል። ዳንኤል ዌግነር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ሰዎችን «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ» ብሎ ሲፈትናቸው፣ ድቡ ከጭንቅላታቸው አልወጣ ብሏቸው ነበር። አንቺም «ስልክ የለም፣ ስልክ የለም» እያልሽ ከተኛሽ ስታስቢ የምታመሺው ስልክሽን ነው።

መጀመሪያ ስልኩ ምን እየሰጠሽ እንደሆነ እወቂ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፣ እኔ ግን ትልቁ ሥራ ይሄ ነው ባይ ነኝ። ለአንዷ ስልክ ብቸኝነት ማስረሻ ነው። ለሌላዋ ከነገው ሥራ ጭንቀት መሸሻ ነው። ለሌላዋ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያዛት ውላ «ይህቺ ሰዓት የኔ ናት» የምትልባት ብቸኛ ጊዜ ናት። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ምትክ አይሠራም። ነገሩ ብቸኝነት ከሆነ መጽሐፍ ብቻውን አይሞላውም፣ ከመኝታ በፊት ከምትወጂው ሰው ጋር ትንሽ ማውራት ግን ሊሞላው ይችላል። ጭንቀት ከሆነ ለነገ የሚጠብቁሽን ነገሮች ወረቀት ላይ አስፍረሽ መገላገል ይሻላል። የራስሽ ጊዜ ማጣት ከሆነ ደግሞ ያንን ጊዜ ከእኩለ ሌሊት አንስተሽ ወደ ምሽት አምጪው፣ ማንም የማይነካብሽ ግማሽ ሰዓት ይኑርሽ፣ በግልጽም ለቤተሰቡ ተናገሪ። የትኛው እንደሆነ ካላወቅሽ ለጥቂት ቀናት ስልኩን ከማንሳትሽ በፊት የሚሰማሽን በአንድ ቃል ጻፊ። ማንበቡን አታቁሚ፣ ማየቱንም አታቁሚ፣ ዝም ብለሽ ጻፊ። መልሱ ከወረቀቱ ላይ ይወጣል።

ከዚያ ምትኩን ከምልክቱ ጋር እሰሪው። ፒተር ጎልዊትዘር የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ «እንዲህ ሲሆን፣ እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል ዓይነት ዕቅድን ለረጅም ጊዜ አጥንቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 ከፓስካል ሺራን ጋር 94 የሚሆኑ ፍተሻዎችን አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ እንዲህ ያለ ዕቅድ ያወጡ ሰዎች ዓላማ ብቻ ከያዙት ይልቅ ያሰቡትን በተሻለ ሁኔታ ሲፈጽሙ ታይተዋል። «በጊዜ እተኛለሁ» ዓላማ ነው። «ጥርሴን እንደቦረሽኩ ስልኬን ሳሎን ቻርጅ ላይ ሰክቼ፣ ትራሴ ላይ ያስቀመጥኩትን መጽሐፍ እከፍታለሁ» ግን ዕቅድ ነው። ልዩነቱ ገባሽ? ሁለተኛው ላይ ሰዓቱ ሲደርስ የምትወስኚው ነገር የለም፣ ቀን ላይ ጭንቅላትሽ ንጹሕ እያለ ወስነሽ ጨርሰሻል።

«ስልኩን ለአላርም ነው የምፈልገው» ትይኝ ይሆናል። የማንቂያ ሰዓት ለብቻው ያዢ፣ በቃ። ብራያን ጋላ እና አንጀላ ዳክወርዝ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ሥራ ራሳቸውን የመግዛት አቅም ያላቸው ሰዎች ውጤታማነት በአብዛኛው የቆመው በጥሩ ልማዶቻቸው ላይ እንደሆነ አሳይተዋል። ከውጭ ስናያቸው በየደቂቃው ከፈተና ጋር ሲታገሉ የሚያሸንፉ ይመስለናል፣ እነሱ ግን ትግሉ ውስጥ የሚገቡት አልፎ አልፎ ነው። ስልኩን ሌላ ክፍል ማሳደር ደካማ ያሰኘኛል ብለሽ አትፈሪ። ራስን መምራት የምለው እንዲህ ቀድሞ ማመቻቸትን ነው።

ጥያቄ፦ «ልማድ በ21 ቀን ይቀየራል» ሲባል ሰምቼ ጠዋት ጠዋት ስፖርት ጀመርኩ። 21 ቀኑን ሳላቋርጥ ጨረስኩ። በ22ኛው ቀን ግን መነሳቱ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ከበደኝ። ምን አጥፍቼ ነው? (ቆጣሪው)

መልስ፦ ምንም አላጠፋህም ወንድሜ። የተሳሳተው ቁጥሩ ነው። ማክስዌል ማልትዝ የሚባል የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው አስተውያለሁ ብሎ ነበር። ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር «ቢያንስ» ማለቱ ተረሳ፣ ስለ መልክ ማውራቱም ተረሳ፣ ቁጥሯ ብቻ ቀረች።

በትክክል የተጠና ቁጥር ከፈለግህ አለልህ። ፊሊፓ ላሊ እና ባልደረቦቿ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን 96 ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ አዲስ ልማድ መርጠው ለ84 ቀናት እንዲከታተሉ አደረጉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ወጣ። ነገሩ ያለ ሐሳብ የሚደረግበት ደረጃ ላይ ለመድረስ የወሰደው ጊዜ መካከለኛው 66 ቀን ነበር። ከሰው ሰውና ከልማድ ልማድ ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነው፣ ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን ድረስ ተሰልቷል። ቀላሉ ቶሎ ይለመዳል። እንዳንተ ያለ የሰውነት እንቅስቃሴ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ 22ኛው ቀን ላይ መክበዱ ተፈጥሯዊ ነው፣ ገና መንገድ ላይ ነህ።

ከዚሁ ጥናት የምወደው ሌላ ነገር አለ። አንድ ቀን መዝለል ልማዱ እንዳይተከል አላደረገም። ይህንን ያዘው፣ ምክንያቱም ቆጣሪ ሰው አንድ ቀን ሲያመልጠው ሁሉን ከዜሮ የጀመረ ይመስለዋል።

መቁጠሩን ተው አልልህም። የምትቆጥረውን ነገር ግን ቀይረው። ጠዋት ተነስተህ «ልሂድ? ልቅር?» ብለህ ከራስህ ጋር የምትከራከርበት ጊዜ እያጠረ ነው ወይ? እሱን እይ። ክርክሩ እያጠረ ከሆነ ልማዱ እየያዘ ነው። ካላጠረ ደግሞ ሥራውን አሳንሰው። የከበደህ ቀን ጫማህን አድርገህ ከበር መውጣት ብቻ ይብቃህ፣ ትንሽ ተራምደህ ተመለስ። ሰዓቱንና ቦታውን ግን አትቀያይር።

ጥያቄ፦ አንድ ክፍል እመራለሁ፣ ሥራዬንም እወዳለሁ። ግን ስህተት ተፈጠረ ሲሉኝ ወዲያው እቆጣለሁ። ድምፄ ከፍ ይላል፣ ከአፌ የሚወጣው ቃል ሰው ያስቀይማል። ትንሽ ቆይቶ ይቆጨኛል፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ በሳምንቱ ይደገማል። አሁን አሁን ሠራተኞቼ ስህተት ሲፈጠር ሊደብቁኝ እንደጀመሩ እያየሁ ነው። ሰው እየመራሁ ራሴን መምራት ለምን አቃተኝ? (የክፍል ኃላፊዋ)

መልስ፦ ከደብዳቤሽ ውስጥ ያስደነገጠኝ «ሊደብቁኝ ጀመሩ» ያልሽው ነው። እሱን ማየትሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙ አለቃ ይህን ሳያይ ዓመታት ይቀመጣል። አየሽ፣ ቁጣሽ ስህተቱን አልቀነሰውም፣ ዜናውን ነው የቀነሰው። ከዚህ በኋላ ስህተት የሚደርስሽ ሊስተካከል የሚችልበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ይሆናል። ስለዚህ ይህ ጉዳይ የአንቺ ጠባይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፣ የሥራውም ጉዳይ ነው።

ቁጣ ጠባይ ነው፣ አብሮ የተወለደ ነው የሚል ሰው ብዙ ነው። በተወሰነ ደረጃ እውነት አለው። ያንቺ ግን ሰዓቱን ጠብቆ የሚመጣ ነው፣ ሁልጊዜ ከአንድ ምልክት ቀጥሎ፣ ሁልጊዜ በአንድ መልክ። እንዲህ ያለውን እኔ ልማድ ነው የምለው። ልማድ ከሆነ ደግሞ የሚሰጥሽ ነገር አለ ማለት ነው። ስህተት ሲነገርሽ ነገሩ ከእጅሽ የወጣ ይመስልሻል፣ ስትጮኺ ግን ለዚያች ቅጽበት መሪው እጅሽ ላይ እንደተመለሰ ይሰማሻል። ምትክ ስንፈልግ ይህን ስሜት ሳንነጥቅሽ መሆን አለበት። «ተረጋጊ» የሚለው ምክር የማይሠራው ለዚህ ነው፣ ባዶ እጅሽን ያስቀምጥሻል።

እ.ኤ.አ. በ1973 ናታን አዝሪን እና ግሪጎሪ ነን የተባሉ ተመራማሪዎች ጥፍር መብላትንና ከቁጥጥር ውጭ የሆነ የሰውነት እንቅስቃሴን የመሳሰሉ ልማዶችን ለማስቆም የሚረዳ ዘዴ አሳትመው ነበር። ዘዴው ዛሬም በሕክምና ይሠራበታል። ዋናው ሐሳቡ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰውየው ልማዱ ሊመጣ ሲል ያለውን የመጀመሪያ ምልክት ለይቶ እንዲያውቅ ማድረግ። ሁለተኛ፣ ያ ምልክት ሲመጣ ከልማዱ ጋር አብሮ ሊደረግ የማይችል ሌላ ድርጊት ለአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ያህል መፈጸም። ጥፍር የሚበላ ሰው ለምሳሌ እጁን ጨብጦ ይይዛል፣ የተጨበጠ እጅ አፍ ውስጥ አይገባም። እነሱ ስለ ቁጣ አልነበረም ያጠኑት። ሐሳቡ ግን ለአንቺ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ያንቺ የመጀመሪያ ምልክት ምንድን ነው? ደረት ላይ ሙቀት? መንጋጋ መንከስ? የሰውን ንግግር ሳያልቅ ማቋረጥ? እሱን ለይው። ከዚያ ምልክቱ ሲመጣ ብዕር አንሺና የሚነገርሽን ነገር ቃል በቃል ጻፊ። የሚጽፍ ሰው መጮህ ይከብደዋል። ጽፈሽ ስትጨርሺ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፦ «አሁን መጀመሪያ ምን እናድርግ?» ይህ ጥያቄ ጩኸቱ ሲሰጥሽ የነበረውን ነገር መልሶ ይሰጥሻል። መሪው እጅሽ ላይ ነው፣ ያውም በእውነት። ጥፋተኛው ማነው፣ ለምን ሆነ የሚለው ይቅር እያልኩ አይደለም፣ ነገ ጠዋት ትደርሺበታለሽ።

ለሠራተኞችሽም ንገሪያቸው። «ከዛሬ ጀምሮ ስህተት ስትነግሩኝ እጽፋለሁ፣ ዝም ካልኩ እያዳመጥኩ ነው» በያቸው። ካልነገርሻቸው ዝምታሽን ከጩኸትሽ በላይ ይፈሩታል።

ስለ ይቅርታሽም አንድ ነገር ልበል፣ እንዳይከፋሽ። ይቅርታ መጠየቅ መልካም ነው። ግን በየሳምንቱ የሚደገም ይቅርታ ራሱ የልማዱ መጨረሻ ይሆናል። ትቆጫለሽ፣ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ፣ ቅልል ይልሻል፣ ቅልል ስላለሽም የሚቀየር ነገር አይኖርም። ከእንግዲህ ካመለጠሽ ይቅርታውን ከአንድ ተግባር ጋር አያይዢው። ያስቀየምሽውን ሰው ጠርተሽ «ትናንት ሳላስጨርስህ ነው የጮህኩት፣ አሁን ከመጀመሪያው ንገረኝ» በዪ፣ ከዚያ እየጻፍሽ ስሚው። ልምምዱን እዚያው ላይ ትሠሪዋለሽ ማለት ነው።

ራስን መምራት የሚለውን ሐሳብ በአስተዳደር ትምህርት ውስጥ ያስገባው ቻርልስ ማንዝ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ። ሐሳቡ ድርጊትን ከመከታተል አልፎ ሥራው በራሱ የሚያስደስትበትን መንገድ መፈለግንና ለራስ የሚነገረውን ንግግር መመርመርን ይጨምራል። ለአንቺ የመጨረሻው ይመለከትሻል። ከመጮህሽ በፊት በውስጥሽ የምትያት ዓረፍተ ነገር አለች። «ካልተቆጣሁ ሥራ አይሠራም» ይሆን? «ሆን ብለው ነው» ይሆን? ያዢያትና ወረቀት ላይ አስቀምጫት። ከዚያ ያለፉትን ወራት እያሰብሽ እውነት መሆኗን ፈትሺ። ሳትቆጪ የተሠራ ሥራ የለም? እርግጠኛ ነሽ?

እንቅልፍ ባላገኘሽበት ቀን ይህ ሁሉ ይከብዳል። እሱንም ከዕቅዱ ውስጥ አስገቢው። ቁጣው ቤትሽም የሚከተልሽ ከሆነ፣ ወይም ሰው ላይ እጅ እስከማንሳት የሚያደርስሽ ከሆነ ግን ይህ ዓምድ አይበቃሽም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሂጂ።

ጥያቄ፦ ከሰኞ ጀምሮ ሕይወቴን ልቀይር ነው። በሌሊት መነሳት፣ ስፖርት፣ በየቀኑ ማንበብ፣ ቋንቋ መማር፣ ሶሻል ሚዲያ ማቆም። ከየትኛው ልጀምር? (የሰኞው ሰው)

መልስ፦ ከአንዱ። ሰኞ መምረጥህን ወድጄዋለሁ፣ ሄንግቼን ዳይ፣ ካትሪን ሚልክማን እና ጄሰን ሪስ እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳሳዩት ሰው በሳምንት መጀመሪያ፣ በወር መባቻ፣ በልደቱ ሰሞን ለዓላማው የመነሳሳት ዝንባሌው ይጨምራል። ግን ሰኞ ማስጀመር እንጂ ማስቀጠል አይችልም። ሐሙስ ይመጣል፣ ሐሙስ ላይ አምስት አዲስ ነገር የሚሸከም ሰው አላውቅም። ከዘረዘርካቸው ውስጥ ሌሎቹን የሚያቀልልህን ምረጥ። እኔን ከጠየቅከኝ የመኝታ ሰዓትህን እነካ ነበር፣ ዝርዝርህ ውስጥ የለም እንጂ። በጊዜ ያልተኛ ሰው በሌሊት አይነሳም፣ በሌሊት ካልተነሳ ስፖርቱም ንባቡም የለም። ሶሻል ሚዲያውን ማቆምህን ደግሞ ለብቻው አትቁጠረው፣ ባዶ የሚሆነውን ሰዓት ለቋንቋው ስጠው። ያኔ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ።

ጥያቄ፦ ሲጋራ ለወራት ትቼ ነበር። አንድ ምሽት ከድሮ ጓደኞቼ ጋር ቆሜ አንድ አጨስኩ። በማግስቱ «በቃ አበላሽቼዋለሁ» ብዬ ፓኬት ገዛሁ። አሁን እንደ ድሮዬ ነኝ። ያ ሁሉ ወር ከንቱ ቀረ? (ተመላሹ)

መልስ፦ አልቀረም። ደግሞ ልብ በል፣ የመለሰህ የምሽቷ ሲጋራ ሳትሆን የማግስቱ «አበላሽቼዋለሁ» ናት። አለን ማርላት የተባለ የሱስ ተመራማሪ ይህን ነገር በደንብ ገልጾታል። ሰው ሙሉ በሙሉ አቆማለሁ ብሎ ከወሰነ በኋላ አንዴ ሲያዳልጠው፣ ጥፋቱን «እኔ ደካማ ነኝ» ብሎ ይተረጉመዋል፣ ደካማ ነኝ ካለ ደግሞ መታገሉ ትርጉም ያጣበታል፣ ስለዚህ ይለቀዋል። ማዳለጥና መውደቅ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። መሃላቸው አንድ ሌሊት ነበረህ።

ለምን በአንድ ምሽት እንዲህ ይመለሳል ካልክ፣ የድሮ ልማድ እንደማይፋቅ ማወቅ አለብህ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አን ግሬቢየል እና ባልደረቦቿ አይጦች በመተላለፊያ ውስጥ ሮጠው ሽልማት እንዲያገኙ አለማምደው አንጎላቸውን ተከታትለው ነበር። ልማዱ ሲተከል አንጎል ውስጥ የራሱ የሆነ የአሠራር ንድፍ ታየ። ሽልማቱ ሲቀር ንድፉ ደበዘዘ። ሽልማቱ ሲመለስ ግን ቶሎ ተመልሶ ብቅ አለ፣ እንደ አዲስ መማር አላስፈለገም። ይህ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ማርክ ባውተን የተባለ ሌላ ተመራማሪ ደግሞ በብዙ ዓመት ሥራው ያሳየው፣ አዲሱ ትምህርት ከተማርንበት ቦታና ሁኔታ ጋር የተጣበቀ መሆኑን ነው። አንተ ሲጋራን የተውከው ቤትህና ሥራ ቦታህ ላይ ነው። ከነዚያ ጓደኞችህ ጋር ቆሞ መተውን ግን ገና አልተለማመድከውም።

ስለዚህ አሁን ሥራህ እዚያ ላይ ነው። ጓደኞችህን ተው አልልህም፣ ጓደኛ የሌለው ሰው ቶሎ ይመለሳል። «ሊያጨሱ ሲወጡ እኔ ምን አደርጋለሁ?» ለሚለው ግን መልስ ይዘህ ሂድ። አብረሃቸው ትወጣለህ? እጅህ ላይ ምን ይኖራል? አፍህ ውስጥስ? ሲዘረጉልህ ምን ብለህ ትመልሳለህ? አጭር ቃል ይሁን፣ «ተውኩት» ትበቃለች፣ ማብራሪያ ስታበዛ ለክርክር በር ትከፍታለህ። ከመሃላቸው አንዱን አስቀድመህ ብትነግረው ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

ራስህን ይቅር በል። ይህን የምለው ለማጽናናት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በተማሪዎች ላይ የወጣ ጥናት ለመጀመሪያው ፈተና ማጥናቱን ነገ ዛሬ እያሉ ሲያዘገዩ ከቆዩት መካከል ራሳቸውን ይቅር ያሉት ለቀጣዩ ፈተና ማዘግየቱን እንደቀነሱ አሳይቷል። ራሱን የሚቀጣ ሰው ቅጣቱን ለመርሳት ወደዚያው ነገር ይመለሳል።

ሌላው፣ ሲጋራ ልማድ ብቻ አይደለም፣ ኒኮቲን ሰውነትን ያሰራል። የኒኮቲን ማስቲካና በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፓች አለ፣ በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒትም አለ፣ የመሳካት ዕድልን እንደሚጨምሩ በደንብ ተረጋግጧል። ያቆሙ ሰዎች አብዛኞቹ ከመሳካቱ በፊት ከአንድ ጊዜ በላይ ሞክረዋል። ይህን ዓምድ የሚያነብና በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ፣ ጠዋት ሳይጠጣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ካለ ደግሞ አደራ፣ መጠጥን በአንድ ጊዜ በራስህ አታቁም። ለሕይወት የሚያሰጋ ሁኔታ ሊያመጣ ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂድ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ከ60 አልፏል፣ በቅርቡ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሥራ ላይ እያለሁ ሰዓት አክባሪ፣ ንቁ ሰው ነበርኩ። አሁን ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተቀምጬ ይመሻል። ልጆቼ «ተንቀሳቀስ እንጂ» ይሉኛል። በዚህ ዕድሜ ሰው ይለወጣል? (ጡረተኛው)

መልስ፦ አባቴ፣ ይለወጣል። እርስዎ እንዲያውም በቅርቡ ተለውጠዋል፣ ሳይፈልጉት ነው እንጂ። ሰዓት አክባሪነትዎ የተሸከመው ሥራው ነበር። መነሻ ሰዓት፣ መውጫ ሰዓት፣ የሚጠብቅዎት ሰው፣ ሁሉም ምልክት ነበሩ። ሥራው ሲቀር ምልክቶቹ አብረው ሄዱ። ሰነፉ እኔ ነኝ ብለው ራስዎን አይክሰሱ።

ቀደም ብዬ የጠቀስኳት ዌንዲ ዉድ እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የተዛወሩ ተማሪዎችን አጥንታ ነበር። የድሮው ልማድ የጸናው ሁኔታው ሳይለወጥ በቀረበት ነው። ሁኔታው የተለወጠባቸው ግን ልማዱ ላላ፣ አዲሱን ነገር እንደ ፍላጎታቸው መቅረጽ ቻሉ። ባስ ቨርፕላንከን እና ዴቦራ ሮይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 800 ሰዎች ላይ ባደረጉት ጥናት ለለውጥ የሚያግዝ ምክር ይበልጥ የሠራው ቤት ከቀየሩ ገና 3 ወር ገደማ ባልሞላቸው ሰዎች ላይ ሆኖ ተገኝቷል። አዲስ ሁኔታ ውስጥ የገባ ሰው ለጥቂት ጊዜ በር ክፍት ይሆንለታል። እርስዎ አሁን እዚያ በር ላይ ነዎት። ቴሌቪዥኑ ሥር ከሰደደ በኋላ ከመጀመር አሁን ይቀላል።

እንግዲህ የድሮውን የመነሻ ሰዓትዎን አይልቀቁት። ተነስተው እንደሚወጣ ሰው ይልበሱ። ቴሌቪዥኑ ፊት ያለውን ወንበር ቦታውን ያዛውሩት፣ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ሰውነትዎ ግን ቁጭ የሚለው ወንበሩን ሲያይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች፣ ከ65 ዓመት በላይ ላሉትም ጭምር፣ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። መጀመሪያ ላይ እዚያ መድረስ የለብዎትም። አሥር ደቂቃ ይራመዱ። የልብ ወይም የመገጣጠሚያ ችግር ካለብዎት ሐኪምዎን አስቀድመው ያማክሩ።

አንድ ነገር ግን የእግር ጉዞ ብቻውን አይተካውም። ሥራ ላይ እያሉ ይፈለጉ ነበር። ቴሌቪዥን ይህን አይሰጥም፣ ለዚህም ይመስለኛል ቀኑን ሙሉ አይተውት የማይጠግቡት። የሚያውቁትን ሙያ የሚማር ወጣት ይኖራል፣ የሒሳብ ትምህርት የከበደው የልጅ ልጅ ይኖራል፣ ብቻውን የሚውል እኩያዎ ይኖራል። ከነዚህ አንዱ በተወሰነ ቀንና ሰዓት እንዲጠብቅዎት ያድርጉ። የጠዋቱን ጉዞም ከእኩያዎ ጋር ቢያደርጉት ሁለቱ በአንድ ይያዛሉ። ዛሬ ይደውሉለትና የትና ስንት ሰዓት እንደምትገናኙ ቁርጥ አድርጋችሁ ተነጋገሩ፣ «አንድ ቀን» ተባብላችሁ እንዳትለያዩ።